የቴታ የፖም እርሻ ለምን ይቋረጥ ነበር

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ማዳም ሙና መጀመሪያ ያሳየችኝ ወጥ ቤቱን አልነበረም። ከመግቢያው በር በላይ ያለውን የመብራት ሳጥን ነው። እኔ ዐረብኛ አንዲት ቃል አላውቅም። እሷም ይህን ስለምታውቅ በእጇ ነገረችኝ። ካውያውን አነሣችና አንድ ጣት አሳየችኝ። የልብስ ማጠቢያውን መታ መታ አደረገችና ሌላ ጣት አሳየችኝ። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች አጋጭታ «ታክ!» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ገባኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ከሰካሁ ቤቱ ይጨልማል።

ቤይሩት የሠራች ሁሉ ይህን ታውቃለች። የመንግሥቱን መብራት ዳውሌ ይሉታል፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ የሰፈሩ ጄኔሬተር ይነሣል፤ እሱን ሞተር ይሉታል። ሞተር ለየቤቱ የሚያካፍለው ትንሽ ነው። ትንሽ ካበዛሽበት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማብሪያ ይወርድና ማዳም ከመታጠቢያ ቤት ሳሙና በፊቷ ላይ እንዳለ ስምሽን ትጠራለች። የእኛ ሥራ ግማሹ ማጽዳት ነው። ግማሹ ምን ተሰክቷል፣ ምን ተነቅሏል የሚለውን በጭንቅላት ይዞ መዋል ነው።

ቤቱ ፉርን ኤል ሸባክ ነው፣ ከከተማው ጠርዝ። አሮጌ ሕንፃ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ኮሪደሩ ረጅም። በአንደኛው ጫፍ ሳሎኑ አለ፣ በሌላው ጫፍ የማዳም ልጅ የዚያድ ክፍል። መሐል ላይ የማዳም እናት ይተኛሉ። እሳቸውን ሁሉም ቴታ ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። በዐረብኛ አንቺም አንቱም አንድ ነው። እኔ ግን ያለ አባት ያሳደገችኝ እናቴ ታላቅን አንቺ ማለት አላስተማረችኝምና በልቤ ሁሌም አንቱ ስላቸው ኖሬአለሁ። እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

የተቀጠርኩት ለእሳቸው ነበር። ማዳም ጠዋት ወደ ፋርማሲ ሥራዋ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ ቤቱ የቴታና የእኔ ነው። መድኃኒት መስጠት፣ ገላ ማጠብ፣ ፀጉር ማበጠር፣ ማስኬድ። ቴታ የተራራ አገር ሰው ናቸው፤ ባላቸው የፖም እርሻ ነበራቸው። ሐብሐብ ስገዛ እንኳ ነጋዴው እንዳታለለኝ በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ይነግሩኛል።

*

የዚያድ ክፍል ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። ሽቦ ያለበትን አትንኪ።

ዚያድ ያኔ ተማሪ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጎኑ መስተዋት የሆነ ትልቅ ጥቁር ሳጥን አለው፤ ውስጡ አረንጓዴና ሐምራዊ መብራት ይዞራል። የጨዋታ ኮምፒውተር ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳላስበው አማተብኩ። ልጁ ሳቀብኝ።

«ሹ፣ ምን ሆንሽ፣ አስካለ? ጂኒ አይደለም እኮ፣ ማራገቢያ ነው።»

«ጂኒ ባይሆንም አቧራ በልቶታል» አልኩት፣ ግማሹን በእጄ ግማሹን በተሰባበረ ቃል።

ይህን ስለው አየት አድርጎኝ ብሩሽ አመጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጸዳዱን አስተማረኝ። መጀመሪያ ይጠፋል፤ ከዚያ ይነቀላል። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በአንድ ጣት ተይዞ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠረጋል። የየዕቃውን ስም እየነገረኝ እኔም እየደገምኩ፣ ዐረብኛም ኮምፒውተርም አንድ ላይ ተማርኩ። የምታጸጂውን ዕቃ ስም ካወቅሽ ዕቃው አያስፈራሽም።

ልጁ በእጄ አደገ። ሸሚዙን ለመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ የተኮስኩለት እኔ ነኝ። ሥራ ግን ቤይሩት ውስጥ አልተገኘም። እንደ ጓደኞቹ ሁሉ እሱም ካናዳ ሄደ፤ ሞንትሪያል። ሻንጣው ልብሱን እንጂ ጥቁሩን ሳጥን አልያዘለትም።

*

ከሄደ በኋላ በስልክ ያወሩ ነበር፣ ቴታና ዚያድ። እኔ ስልኩን ይዤ እቆማለሁ።

«በላህ?»

«በላሁ፣ ቴታ።»

«ብርድ ነው?»

«ብርድ ነው።»

ከዚያ ወሬው ያልቃል። ሁለቱም ይዋደዳሉ፤ ሁለቱም የሚሉት የላቸውም። ስልኩ ሲዘጋ ቴታ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መስኮቱን ያዩ ነበር።

መላውን የዘየደው ዚያድ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የእርሻ ጨዋታ ነበር፤ እሱ ከሞንትሪያል፣ ሌላ ሰው ከቤይሩት፣ አንድ ማሳ ላይ አብረው የሚያርሱበት። «ቴታ፣ ነይ አብረን እናርስ» አላቸው።

«የፖም ዛፍ አለው?» አሉ።

«አለው።»

ቴታ መነጽራቸውን ጠየቁኝ።

ማውዙን እሳቸው ይይዛሉ። የሚያስኬዱትን የኪቦርድ ቁልፎች እኔ እጫናለሁ። ያኒ፣ ማለትም፣ በጨዋታው ውስጥ እጃቸው እሳቸው ናቸው፣ እግራቸው እኔ ነኝ።

«ይሚን! ወደ ቀኝ አልኩሽ!»

«ቴታ፣ በቀኝ ጉድጓድ አለ።»

«ጉድጓዱን እኔ አያለሁ፤ አንቺ ሂጂ!»

ገባን ጉድጓዱ ውስጥ። ዚያድ በድምፅ ማጉያው ውስጥ እስኪያስለው ሳቀ። ስክሪኑ ላይ የሱ ሰውዬ ባርኔጣ አድርጎ ከዛፉ ሥር ቆሟል፤ መቁረጫ ይዟል። ቴታ ጠጋ ብለው አዩትና «ቅርንጫፍ እንዲህ ነው እንዴ የሚቆረጠው? አያትህ ቢያይህ በመቀሱ አንተን ነበር የሚቆርጥህ» አሉት።

እንዲህ እያሉ ከሰዓት በኋላው ያልቃል። ዛፍ እየገረዘ ልጁ በስልክ ያልተናገረውን ተናገረ። አለቃው ስሙን አስተካክሎ እንደማይጠራው። እሑድ እሑድ ቀኑ እንደሚረዝምበት። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የፖም ከረጢት የያዘች አሮጊት አይቶ ከመውረጃው አልፎ እንደሄደ። ቴታ ማውዙን ሳይለቁ «እህ» ይላሉ። እኔ ቁልፌን እጫናለሁ። ፊት ለፊት ካልተያዩ ሰው ብዙ ይናገራል።

*

ኮምፒውተሩ በዚያ ጊዜ ኔት የሚያገኘው በገመድ ነበር። ገመዱ ከሳሎን ተነሥቶ ኮሪደሩን በሙሉ ያልፋል። ቴታ ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ግን ባለ አራት እግር መራመጃ ይዘው መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን የመራመጃው እግር ገመዱ ውስጥ ገባ። ከኋላ ልብሳቸውን ይዤ አስቀረኋቸው እንጂ እምነ በረዱ ላይ ነበሩ። የእግዚአብሔር እጅ ነው፤ የእኔማ እጅ በዚያ ሰዓት ሳህን ይዞ ነበር። ሳህኑ ተሰበረ።

ማዳም ያንኑ ቀን ገመዱን ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። «ኸላስ፣ በቃ! ዓለም ሁሉ በዋይፋይ ነው የሚኖረው፤ እኛም እንኖራለን» አለች። ልክ ነበረች። ያ ዳሌ ሁለተኛ ቢሰበር አይነሡም።

መቋረጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በደህና እያረሱ የዚያድ ሰውዬ ቅርጫቱን እንዳነሣ ድርቅ ይላል። ድምፁ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ከዚያ ሰውየውም ድምፁም ይጠፋሉ፤ ማሳው ላይ ቴታ ብቻቸውን ይቀራሉ።

«ዘጋው» ይላሉ ቴታ።

«እሱ አልዘጋም፣ ቴታ። ኔቱ ነው።»

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሰው ሲሰለች እንዲህ ነው። ሰለቸኝ አይልም። ኔቱ ነው ይላል።»

ይህ ነገር ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴም መስመር ሲቋረጥብን በሚቀጥለው እሑድ የመጀመሪያ ቃሏ «ምን አስቀየምኩሽ፣ ልጄ?» ነው። ስንቴ ብነግራትም ያው ነው። ሩቅ ያለ ሰው ሲጠፋ፣ የቀረው ሰው ጥፋቱን ከራሱ ላይ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ይህን ዋይፋይ እንደ ዕቃ ብልሽት ብቻ ላየው አልቻልኩም።

*

የሰፈሩን ኔት የሚያከፋፍለው ሰውዬ ጋ ደወልን። መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። «ከእናንተ ነው፣ ከእኛ አይደለም።»

ዚያድ በስልክ እንዲህ አለኝ። «አስካለ፣ እዚያ እጄ አንቺ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ እንቀይራለን፤ ከዚያ እንጫወትና እናያለን። ሁለት ነገር አንዴ ከቀየርን የረዳን የቱ እንደሆነ አናውቅም።»

«እድፍም እንደዚያ ነው» አልኩት። «ሎሚና በረኪና አንድ ላይ ያፈሰሰች ልብሱን ታጣለች።»

መጀመሪያ ገመዱን ለአንድ ከሰዓት አወጣሁት። ቴታን አስቀድሜ ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ከዚያ ዘረጋሁት። አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ስለዚህ የመጣው መስመር ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩም ደህና ነው፤ የሚቸግረው በአየር ላይ ያለው መንገድ ነው። ገመዱን መልሼ ጠቀለልኩ።

ቀጥሎ ራውተሩ። ማዳም መልኩን ስለጠላችው ቡፌ ውስጥ ከብር ትሪዎቹ ኋላ ደብቃዋለች። ዚያድ ይህን ሲሰማ «ብረት ነው፣ ይጋርደዋል፤ አውጪው» አለ። ማዳም አፍንጫዋን ነፋች።

«ሳሎኔ ውስጥ ያ ጥቁር ሸረሪት ሊቀመጥ?»

«ማዳም፣ ቡፌው አናት ላይ ከአበባው ኋላ አደርገዋለሁ። አበባ አይጋርደውም።»

«ከታየ አንቺን ነው የምጠይቀው» አለችና ፈቀደች። ትንሽ ተሻለ።

ከዚያ የኮምፒውተሩ አንቴናዎች። ከጀርባው ሁለት ትንንሽ አንቴናዎች አሉ፤ እንደ ፍየል ጆሮ ናቸው። በሳጥኑ ብረትና በግድግዳው መሐል ተጣብቀው ተኝተው ነበር። ሳጥኑን ሳብኩና ጆሮዎቹን አቆምኳቸው። ደግሞ ትንሽ ተሻለ። ግን አሁንም በመሐል ይጠፋል።

በመጨረሻ ዚያድ ኮምፒውተሩን ሲገጣጥም የረዳውን ሃጎፕን ከቡርጅ ሐሙድ ላከልን። ሃጎፕ ሸበቶ ነው፣ ቀልደኛ ነው። ስልኩን በእጁ ይዞ ከሳሎን እስከ ክፍሉ ሄደ፣ ተመለሰ። ግድግዳውን በጉልበቱ ገፋ አደረገና «ይህ ቤት አይደለም፣ ምሽግ ነው» አለ።

ኮሪደሩ መሐል፣ ከቴታ ክፍል አለፍ ብሎ፣ የስልክ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የራስጌ መብራትና እሱ የተሰካበት ቀይ ማብሪያ ያለው ዲቫይደር ተቀምጧል። ሃጎፕ እዚያ ላይ አንድ ትንሽ ነጭ ነገር ሰካ። ከራውተሩ ተቀብላ ለክፍሉ የምታቀብል ናት። «ውኃ በባልዲ ስትቀባበሉ መሐል እንደምትቆመዋ ሴት» አለኝ። «እሷ ከሌለች ከሳሎን የሚመጣው ጥቂት ነው፤ በሩን ይከፍትልሻል እንጂ አያስቀምጥሽም።»

ሠራ። እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ፖሙ ደረሰ፣ ተለቀመ፣ ተሸጠ፤ አህያ ተገዛ። ቴታ ለአህያው የድሮ መንደራቸውን ሹም ስም አወጡለት። «እሱም እንዲህ ነበር፤ ካልገፉት አይሄድም» አሉ። ዚያድም «አፈር ስሆን፣ የሹሙ ልጆች እንዳይሰሙ» ብሎ ለመነ።

*

ጥቂት ቆይቶ መቋረጡ ተመለሰ። አንድ ቀን ደህና ይውላል፤ በማግሥቱ ይጠፋል።

ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም አሁን ማመካኛ አልቀረም። ቴታ አንድ ጠዋት በእርጋታ ነገሩኝ። «ራውተሩ ወጣ። ጆሮው ቆመ። ሃጎፕ መጣ። ሁሉም ተሠራ። የቀረው ልጁ ነው።»

«ቴታ፣ እንዲህ አይበሉ።»

«አልፈርድበትም። ወጣት ነው። አሮጊት ይዞ እስከ መቼ ያርሳል?»

በሚቀጥለው የጨዋታ ቀን ከወንበራቸው አልተነሡም። ማታ ማዳምን «ኮምፒውተሩን ለእህትሽ ልጅ ስጪው፤ እዚህ መብራት ይበላል» አሏት። የማዳም እህት ልጅ ጁኒየ ነው የሚኖረው፤ ዕቃውን ከድሮም ይመኘው ነበር። ማዳም እኔን አየችኝ፣ እናቷን አየች፣ ደክሟታል። ደወለችለት። ቅዳሜ ሊወስደው ተስማማ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። ጸሎቴን ሳደርስ የማስታውሰው የራሴ ብዙ ጉዳይ ነበረኝ፤ ግን እመቤቴን የለመንኳት ስለዚህ ነገር ነው። ሰው ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን ያየሁት ይህን ነው፤ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ገና በሕይወት እያለ ሊቀብሩት ነው።

ገና ቅዳሜ ሳይደርስ ለመንኳቸው። «ዛፉ እንዳይደርቅ አንዴ ውኃ ያጠጡት። ለመሰናበትም ቢሆን።»

«ለመሰናበት» አሉ። እሺ አሉኝ።

*

ከሰዓት በኋላ ነው። ዳውሌ ሄዶ ሞተር ተነሥቷል። አሠራራችን እንዲህ ነበር። ለዳሌያቸው የምትመጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ኮሪደሩን ቴታ ያለ ረዳት እንዲሄዱት አዝዛለች፤ ለእግራቸው ብርታት። ስለዚህ እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ፤ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ ትራስ አደርጋለሁ፣ እሳቸው ቀስ ብለው ከኋላ ይመጣሉ።

የዚያን ቀን መነጽራቸውን አልጋው አጠገብ ረስቼዋለሁ። ልወስድ ተመለስኩ። ቴታ ኮሪደሩ መሐል የስልክ ጠረጴዛው ጋ ቆመዋል፤ ጀርባቸው ወደ እኔ ነው። በግራ እጃቸው መራመጃውን ይዘዋል። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉና የዲቫይደሩን ቀይ ማብሪያ ጫን አደረጉት። ቀዩም ጠፋ፣ የነጯ ዕቃ አረንጓዴ መብራትም ጠፋ።

«ሞተር ነው» አሉ ለራሳቸው። «ምስኪኗ ሙና፣ የምትከፍለው እሷ።» የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፋቸው አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ዳውሌ ሲኖር አይነኩትም፤ ያን ቀን ጨዋታው ደህና ይውላል። ሞተር ሲሆን እንደ ዕድሜ ልካቸው በሚያልፉበት የበራውን ሁሉ ያጠፋሉ፤ ያን ቀን ልጁ ይጠፋል። ሲመሽ ደግሞ የራስጌው መብራት አልበራ ካለኝ ያንኑ ማብሪያ ሳላስብ የምጫነው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጠፍቶ መዋሉን ልብ ያለ ሰው የለም። ጄኔሬተሩንም፣ ግድግዳውንም፣ ኔት አከፋፋዩንም ጠርጥረናል። ቁጠባን የጠረጠረ ግን አልነበረም።

ማብሪያውን ቀስ ብዬ መለስኩና መነጽሩን ይዤ ገባሁ። ዚያድ እስኪሰናበት ድረስ አልተቋረጠም። ዛፎቹ ጠጡ፣ አህያው ተገፋ።

ቴታ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ነገርሽው፤ አይደል? ልሰናበተው እንደሆነ ነግረሽው ነው እንዲህ የታገሠኝ።»

«በማርያም፣ አልነገርኩትም።»

አላመኑኝም።

*

ማታ ማዳም ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወጥ ቤት ጠርቼ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እማዬ! ወይ እማዬ!» ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ ውኃ ሞላ። «እንዳትነግሪያት። ታፍራለች። መብራቱ ላይ ፕላስተር ለጥፊበት፣ እንዳታየው። ኸላስ፣ ያልቃል።»

«ማዳም፣ ፕላስተሩ ኔቱን ያድነዋል። ዚያድን ግን አያድነውም። እስከ ዛሬ የጠፋውን ሁሉ ሰልችቼው ነው የጠፋው ብለው ይኖራሉ።»

ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው አንቺ ንገሪያት። እኔ ከነገርኳት እንደ ጋዙ ጊዜ ይሆናል።» ጋዙን ከፍተው የረሱ ጊዜ ማዳም በድንጋጤ ጮኻባቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቴታ ምድጃው አጠገብ አልደረሱም። ዛሬ ደግሞ ከኮምፒውተሩ እንዳይሸሹ ነው የምንፈራው።

በማግሥቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ። ለከባድ ነገር ይህ ሰዓት ጥሩ ነው፤ እጄ ራሳቸው ላይ ነው፣ ፊት ለፊት አንተያይም።

«ቴታ፣ ዚያድ አንድም ቀን አልዘጋብዎትም።»

«ማን ዘጋ ታዲያ?»

«መብራት።»

«የቱ መብራት?»

«የኮሪደሩ። ሞተር ሲሆን የሚጠፋው።»

ማበጠሪያዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ወረደ። ቴታ ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው አነሡና ገለበጥ አድርገው አዩት።

«ያቺ ነጭ ነገር... የስልክ ቻርጀር አይደለችም?»

«አይደለችም። ዚያድን ከሳሎን ተቀብላ ክፍሉ ድረስ የምታመጣው እሷ ናት።»

ታች መንገዱ ላይ አንድ ሹፌር ጡሩምባ ይነፋል። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሱ ብዬ ማበጠሪያውን ጣልኩ። ዞሬ ሳያቸው እየሳቁ ነው፤ እንባቸውም እየወረደ ነው።

«ያኒ እኔ ነኝ። ሞተር ስቆጥብ ልጄን አጠፋሁት!»

«ለቤቱ አስበው ነው።»

«ሙና ታውቃለች?»

መዋሸት አልችልም። «ታውቃለች።»

«ዚያድስ?»

«አያውቅም።»

«እሱን እኔ እነግረዋለሁ። ያላ፣ ፀጉሬን ቶሎ ጨርሽ።»

*

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሲከፈት ዚያድ ዘንድ ገና ጠዋት ነበር። ከፖሙ ሥር ቆመው ነገሩት፤ ሳያሳንሱ፣ ሳያሳምሩ። «ስትጠፋ የነበርከው እኔ ሳጠፋህ ነው» አሉት። «እኔ ደግሞ ሰለቸሁት ብዬ አማሁህ።»

በድምፅ ማጉያው ውስጥ ምንም አልተሰማም። ሰውየው ቅርጫቱን እንደያዘ ቆሟል። ዞር ብዬ የኮሪደሩን መብራት አየሁ፤ በርቷል።

«ቴታ» አለ በመጨረሻ። «ሃጎፕ ካስተካከለው በኋላ እኮ እኔም... ደክሞሽ አስካለን ዝጊው የምትያት መስሎኝ ነበር። አሮጊት ማስቸገር ይበቃኛል ብዬ ላቆም ነበር።»

ቴታ ማውዙን ለቀቁ። እጃቸውን ስክሪኑ ላይ፣ የሰውየው ባርኔጣ ላይ አደረጉ። መስተዋቱ ላይ የጣታቸው አሻራ ቀረ። አላጠፋሁትም፤ እስከ ማግሥቱ አቆየሁት።

ማዳም ያን ማታ ወደ ጁኒየ ደወለች። «ይቅርታ፣ ሃቢቢ፣ ኮምፒውተሩ...» ስትል ቴታ ከክፍላቸው ጮኹ። «ምርት ላይ ነን በይው!»

ነጯን ዕቃ ወደ ሌላ ሶኬት አላዛወርናትም። ቴታ እምቢ አሉ። በሞተር ሰዓት ሲያልፉ አሁንም የወጥ ቤቱን፣ የመታጠቢያውን፣ የሳሎኑን መብራት ያጠፋሉ። እሷ ጋ ሲደርሱ ግን «አንቺ ቆይ» ብለዋት ያልፋሉ። አንዳንድ ቀን ይረሳሉ፤ ያን ቀን እኔ አለሁ።

እኔ ከዚያ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። ኮምፒውተሩን አስቀድሜ ከፍቼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ኮሪደሩን ከኋላቸው እሄዳለሁ። ከኋላ ስትሄጂ እግራቸው የት እንደሚያርፍ ታያለሽ፤ እጃቸው ምን እንደሚነካ ታያለሽ፤ ምን እያሰቡ እንደሚሄዱ ከአፋቸው ትሰሚያለሽ። ከፊት ስሄድ ይህን ሁሉ አላየሁም ነበር፤ የማየው የሚጠብቀኝን ሥራ ብቻ ነበር።

አዛውንት ለመጦር አዲስ የመጣችሁ እህቶቼ፣ ቤት ውስጥ አንድ ዕቃ መላልሶ ሲበላሽ ዕቃውን ብቻ አትዩ፤ ሰው ወደ ዕቃው የሚሄድበትንም መንገድ እዩ። ስታስኬዷቸው ከኋላ ሂዱ።